መንገድ ይታየኛል

ወረታ ላይ ሲኒ ገልብጣ «መንገድ ይታየኛል» የምትል ሴት ተሳስታ አታውቅም፤ ልትሳሳትም አትችልም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አስፋልት ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ደብረ ታቦርንና ጋይንትን አቋርጦ ወልድያ የሚገባው መንገድም ጉዞውን የሚጀምረው ከዚያው ነው። መገንጠያ ላይ በተቆረቆረ ከተማ ተቀምጦ ለሰው መንገድ ማየት ትንቢት አይባልም፤ ጂኦግራፊ ነው። ይህችው ሴት ነሐሴ ላይ «ውሃ ይታየኛል» ብትል ርብና ጉማራ ምስክሮቿ ናቸው፤ ሁለቱም ወንዞች ጣና ከመግባታቸው በፊት በፎገራ ሜዳ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ማረፍ ይወዳሉ። ታኅሣሥ ላይ «ነጭ ነገር በጆንያ ይታየኛል» ብትልም ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ መፈልፈያው የሚጮህበት ወቅት ስለሆነ ማንም አይከራከራትም። ያንኑ ሲኒ፣ ያንኑ አተላ ጉና ተራራ አናት ላይ ወስዳችሁ ብታስነብቡት ግን መንገዱም ጎርፉም ሩዙም አብረው ይጠፋሉ። አተላው ሳይለወጥ ትንቢቱ የተበላሸው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሽ አንብቦታል ማለት ይቻላል።

በመጠንቆያ ዕቃዎች መካከል ማዕርግ የመስጠት ልማድ አለን። ሲኒ የጨዋታ ነው፣ የቡና ማጣጫ ነው ይባላል። ጠጠር ጣይ ትንሽ ከፍ ይላል፤ መዳፍ አንባቢ ከመሐል ይቀመጣል፤ ሞራ ገላጭ ደግሞ በግ ካልታረደለት አፉን ስለማይከፍት ክብሩ ከወጪው ጋር ያድጋል። ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው አውደ ነገሥት ገልጦ፣ ስም ደምሮ፣ ኮከብ የሚቆጥረው ነው፤ «እሱማ መጽሐፍ አለው» ይባልለታል። ባሕር ማዶም ነገሩ ያው ነው። የታሮት ካርታ ወዳጆች የትኛው እሽግ ለጀማሪ፣ የትኛው ለበሰለ፣ የትኛው ለሊቅ እንደሚሆን ሲከራከሩ ይኖራሉ። የእኛም የእነሱም ክርክር የቆመው ማንም ባልመረመረው አንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ለመማር የከበደ ነገር ስለ እኔ የሚነግረኝም የጠለቀ መሆን አለበት የሚል። እኔ የምለው ግልባጩን ነው። ዕውቀቱ እየከበደ በሄደ ቁጥር ስለ እናንተ የሚናገረው እያነሰ ይሄዳል፤ እየቀለለ በሄደ ቁጥር ደግሞ ስለ ባላችሁ፣ ስለ ምቀኛችሁና ስለሚገባላችሁ ገንዘብ የማያውቀው ነገር አይኖርም።

ከሩቁ እንጀምር፤ የሩቁ ሰው ቢቀየምም ሽማግሌ አይልክብንም። ታሮት 78 ካርታ አለው፤ 22ቱ ታላላቆች፣ 56ቱ ታናናሾች ናቸው፤ ታናናሾቹ በበትር፣ በጽዋ፣ በሰይፍና በሳንቲም ይመደባሉ። በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሲወለድ መጫወቻ ነበር፤ ሰው እንደኛ ኮንከር ከብቦ ተቀምጦ ይረታና ይረታበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብላ የተባለ ፈረንሳዊ ተነሥቶ «ይህ የጥንት ግብፃውያን የጥበብ መጽሐፍ ነው» አለ። በዚያን ጊዜ የግብፅን የሥዕል ጽሕፈት ማንበብ የሚችል አንድም ሰው በምድር ላይ አልነበረም፤ ሻምፖሊዮን ምስጢሩን መፍታቱን ያበሠረው ከ41 ዓመት በኋላ ነው። ማንም በማያነበው ቋንቋ ስለተጻፈ መጽሐፍ በልበ ሙሉነት መናገር ከጥንት ጀምሮ የሞያው አንድ ክፍል ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እሽጎቹ በየፊናቸው ሄዱ። በማርሴይ እሽግ አምስት ሰይፍ ማለት የተሳሉ አምስት ሰይፎች ብቻ ናቸው፤ ሥዕሉ ተረት ስለሌለው አንባቢው ትርጉሙን በቃሉ ይይዛል። አርተር ዌይትና ሠዓሊዋ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ ያወጡት እሽግ ግን ከሞላ ጎደል በየካርታው ሰው፣ ቤት፣ ድግስ ወይም ለቅሶ አለበት፤ ያልተማረም ሰው ያየውን እየተናገረ ይዘልቀዋል። አሌስተር ክሮውሊ ፍሪዳ ሃሪስን እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1943 ያሳላት «ቶት» ደግሞ በኮከብ፣ በዕብራይስጥ ፊደልና በካባላ የታጨቀ ስለሆነ ከመምህር እግር ሥር ካልተቀመጡ አይገፋም። ልብ በሉ፤ ከቶት አንድ ካርታ ሲገለጥ የሚፈልቀው ዕውቀት ሁሉ ስለ ፊደልና ስለ ፕላኔት ነው፤ የጠያቂዋ ሠርግ የለበትም። ስለ ሠርጓ ለመናገር አንባቢው ፊደሉን ትቶ ፊቷን ማየት ይኖርበታል። ያን ጊዜ ሦስት ዓመት የተማረውና ሦስት ቀን የተማረው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

የኛዋ ሲኒ የዌይትና የስሚዝ እሽግ ታናሽ እኅት ናት፤ እንዲያውም ከርሷ ትቀላለች፣ ሠዓሊ እንኳ አያስፈልጋትም። አተላ የቀረበት ሲኒ ይደፋል፣ ይጠበቃል፣ ይነሣል፤ በጎኑ የወረደው ወፍ ወይ ዛፍ፣ እባብ ወይ መስቀል ይሆናል። ትምህርት ቤት የለው፣ ፈተና የለው፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ይለመዳል። የሚናገረው ግን ማለቂያ የለውም። «ጠይም፣ ረዘም ያለ ሰው አለ፤ ልቡ ካንቺ ጋር ነው፤ አንዲት ቀይ ሴት ግን መሐላችሁ ቆማለች።» በዚህ አገር ጠይምና ረዘም ያለ ሰው የማታውቅ ሴት ካለች እሷን ራሷን ማየት ያስፈልጋል። ሲኒው የሚነበብበት ሰዓትም ሊታሰብበት ይገባል። ሦስቱ ዙር እስኪጠጣ ድረስ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ዐረብ አገር እንደሄደች፣ ማን ሽንኩርት አልምቶ ዋጋው እንደወደቀበት ተወርቶ ያልቃል። ሲኒው የሚገለበጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአቦል በፊት፣ ወሬ ሳይጀመር፣ ሰው ገና ጫማውን እያወለቀ ሳለ ሲኒ የምታነብ ሴት ብትገኝ የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ለመለወጥ ዝግጁ ነኝ።

አውደ ነገሥት ሌላ ዓለም ነው፤ ጊዜ ወስዶ ሊታይም ይገባዋል። ዘሩ ረዥም ነው፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያለ እስከ ሑት የሚዘልቀው የ12ቱ ኮከብ ስም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተሻገረ ነው፤ ዐረቦቹ ከግሪኮች፣ ግሪኮቹም ከባቢሎን ወርሰውታል። አሠራሩም ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ የሰውዬው ስም ከእናቱ ስም ጋር ይደመራል፤ ድምሩ ለ12 ይካፈላል፤ ቀሪው ኮከቡን ይነግራል። ከዚያ መጽሐፉ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ትዳሩና ስለ ክፉ ቀኑ ያትታል። ከሲኒ ጋር ሲነጻጸር ይህ በእርግጥ ይከብዳል። ግን የከበደው ምኑ ነው? ማካፈሉ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የቀረው ከ12 ገጽ አንዱን ማንበብ ነው። በዓለም ላይ ከ8 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው ስላለ፣ ሁሉም እኩል ቢከፋፈሉ በእያንዳንዱ ኮከብ ሥር ከ650 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይጠለላል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ሳምንት ሆዱን ይታመማል ብሎ ለመናገር ድፍረት እንጂ ጥልቀት አያስፈልግም።

ከዚያ ደግሞ የፊደሉ ጣጣ አለ። አማርኛችን ሀን፣ ሐንና ኀን በአንድ ድምፅ መጥራት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጸና ፀም እንደዚያው። ስሌቱ ግን ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጣል። እንግዲህ ፀሐይ የምትባል አንዲት የወረታ ነጋዴ እናስብ። ስሟን ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ፀኀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ ወይም ጸኀይ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ስድስት አጻጻፍ፣ ስድስት ድምር። የእናቷ ስም ሃይማኖት ከሆነ ነገሩ በሦስት ይባዛና 18 ይደርሳል፤ 12 ኮከብ ላላት ሰማይ 18 መንገድ! አንዱ አጻጻፍ ኮከቧን እሳት ሲያደርገው ሌላው ውሃ ያደርገዋል። የልደት ወረቀቷን የሞላው ጸሐፊ ቸኩሎ ሳለ ዕጣ ፈንታዋን በብዕሩ ጫፍ ያዟዟረው ሊሆን ይችላል። «እውነተኛው ሊቅ ትክክለኛውን አጻጻፍ ከግእዙ ሥር ያውቃል» የሚል መልስ ይመጣል፤ ክብደት ያለው መልስ ነው። ፀሐይ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ እንደሚጻፍ የግእዝ ተማሪ አይስተውም። ሄለንስ? ግሪኮቹ ሦስት ዓይነት ሀ አልነበራቸውም፤ ሥሩ እዚያ ቢቆፈርም አይገኝ። ሊቁ የመሰለውን መርጦ ይጽፍላታል ማለት ነው፤ ኮከቧን የመረጠላትም ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ ጥልቀት የሚባለው በምን ይለካ? ለዚህ መለኪያ ፍለጋ ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የፎገራ ናበጋ ተወላጅ የሆኑት አለቃ ገብረ ሐና ዛሬ የሚታወሱት በቀልዳቸው ነው፤ የአቋቋም ሊቅ እንደነበሩና የተክሌ አቋቋም በልጃቸው ስም እንደሚጠራ የሚያስታውሰው ሰው ያንሳል። ሁሉም ቀልዳቸው ግን የቅኔ ቤት ልጅነታቸውን ይመሰክራል፤ አንዱን ቃል ለሁለት ትርጉም ያጠምዱታል። ባለ 2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ይሁን ባለ 8 ቤቱ መወድስ፣ በቅኔ ውስጥ ሰምም ወርቅም አለ። ወርቁን የቀበረው ባለ ቅኔው ነው፤ ሰሚው ቆፍሮ ያገኘዋል፤ ያላገኘ እንደሆነ ተሳስቷል ይባላል፤ የሚያርመውም መምህር አጠገቡ አለ። ጥንቆላም ሁለት ትርጉም ይወዳል፤ ከቅኔ ተዋሰ እስኪባል ድረስ። ሆኖም «አንድ በር ይዘጋል፣ አንድ በር ይከፈታል» ሲል ሰሙን ብቻ ነው ያዘጋጀው። የተዘጋው በር ሥራው ይሁን ትዳሩ፣ የተከፈተው ሱቁ ይሁን የልጁ ትምህርት፣ ደንበኛው ራሱ ሌሊቱን ሲያሰላስል ያገኘዋል። በቅኔ ወርቁን የሚያመጣው ባለ ቅኔው ነው፤ በጥንቆላ ወርቁን የሚያመጣው ደንበኛው ነው፤ በሁለቱም ትርጉም።

ወደ ከባዱ እንውጣ። የፎገራ ሜዳ የሚገኝበት ደቡብ ጎንደር ለድጓ ቤተልሔምን፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባን ያቆመ አገር ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቹ ከሚቀጸሉት መካከል በቁጥር የሚያስጨንቀው የበዓልና የጾም ቀን ማውጫው ባሕረ ሐሳብ ነው። ትውፊቱ ቀመሩን የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ እንደደረሰው ይናገራል። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ብታካፍሉት 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ብታካፍሉት 13 ይቀራል፤ አንዱን «አሐዱ አእትት ለዘመን» ብላችሁ ስትቀንሱ 12 ወንበር ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ፣ በ30 ተገድፎ 12 አበቅቴ ይወጣል፤ 12 በ19 ተባዝቶ፣ በ30 ተገድፎ 18 መጥቅዕ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ተማሪው ጥፋቱን ከመምህሩ በፊት ያውቀዋል። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች፤ 9 ስትጨምሩበት ከ30 የተረፈው 4 ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። 11 የመጣው ከየት ነው ቢሉ ፀሐይ በ365፣ ጨረቃ በ354 ቀን ዓመታቸውን ስለሚጨርሱ የሚተርፈው ቀን ነው። ይህ ሁሉ ሒሳብ በ532 ዓመት ዞሮ ወደ መነሻው ይመለሳል። ሰማይን እንዲህ አድርጎ የቆጠረ ዕውቀት ስለ እናንተ የሚነግራችሁ ታዲያ ምንድን ነው? ከመቼ እስከ መቼ ሥጋ እንደማትበሉ። በቃ። ምቀኛ የለበት፣ ቀይ ሴት የለችበት፣ ዓይነ ጥላ የለበት። ይህ ለደንበኛ የማይመች ትንቢት ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል በባሕረ ሐሳብ የከበረ ሰው የማናየው።

«ይሁን፤ ግን ለእኔ ያየችልኝ ሴት የነገረችኝ በሙሉ ልክ ነበር» የሚል አንባቢ እዚህ ላይ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ውሸታም አልለውም፤ ልክ ነበረች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጥቶ ለእያንዳንዳቸው ጠባያቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ መለሰላቸው። ተማሪዎቹ ጽሑፉ ምን ያህል እነሱን እንደሚገልጽ ከ5 ሲያርሙ በአማካይ 4.26 ሰጡት። የሁሉም ጽሑፍ ግን አንድ ነበር፤ ፎረር አብዛኛውን የለቀመው ጋዜጣ መሸጫ ላይ ከሚገኝ የኮከብ መጽሐፍ ነው። ይህን ሙከራ በአማርኛ ለመድገም እንደ ፎረር ጽሑፍ 13 ዐረፍተ ነገር አያስፈልግም፣ አንድ ይበቃል፦ «እጅህ አመድ አፋሽ ነው።» ለሰው በጎ ውለህ ምስጋና አታገኝም ማለት ነው። ከወረታ እስከ ሞያሌ ይህን ሰምቶ «ውሸት ነው፤ እኔስ ከሰጠሁት በላይ ምስጋና አግኝቻለሁ» የሚል ሰው ካለ ያ ሰው ጠንቋይ ቤት አይሄድም። የቀረነው ግን እንባችን ይመጣል፤ «እንዴት አወቀ?» እንላለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይበልጥ ያስቸግራል። ሲኒዋ ምንም ባታውቅ ሴቶቹን ሰብስባ ታወያያለች፣ የከበደውን ልብ ታቀላለች፤ ይህስ ጥልቀት አይደለም ወይ ይላል። ነው እንጂ። የሰፈሩን ኩርፊያ፣ የእያንዳንዷን ስጋት፣ መቼ ተናግሮ መቼ ዝም እንደሚባል የምታውቅ ሴት ከብዙ ምሁር ትበልጣለች። ችሎታው ግን የሴትየዋ ነው፤ ሲኒው በነጻ ክብር ተቀበለ። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ ሲኒውን አንሡና ሴትየዋን አስቀሯት፤ ምክሩ አይጎድልም። ሴትየዋን አንሡና ሲኒውን አስቀሩት፤ የሚጠብቃችሁ ያልታጠበ ሲኒ ነው። «ምክር ብቻ ቢሆን ማን ይሰማታል? የሚያስሰማት ሲኒው ነው» ለሚለኝም እሺ እላለሁ፤ ሲኒ እንደ ሽማግሌ ጋቢ ነው፣ ለባሹን ያስከብራል። ጋቢውን ጥልቅ ነው ያለ ግን የለም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጥንቆላን አጥብቀው የሚያወግዙበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ እሱን ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ፤ የእኔ ጠብ የማዕርግ ጠብ ነው።

የፎገራ ሜዳ ራሱ ለዚህ ሙግት የማይናቅ ምስክር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ይህ ጥቁር መሬት ለረዥም ዘመን የሚታወቀው በፎገራ ከብት ግጦሽና ውሃው ሲሸሽ በሚዘራ ጓያ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን «ውሃ ይታየኛል» ያለ ጠንቋይ ጠፍቶ አይመስለኝም፤ «ሩዝ ይታየኛል» ያለ ግን አልተሰማም። ሩዝ የመጣው ዘር ተሞክሮ ነው፤ በ1970ዎቹ ተጀምሮ፣ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ገበሬው ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ፣ የሜዳው ጠላት የነበረው ውሃ ገበሬውን ባለ ሀብት አደረገው። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ዘር ይፈተናል፣ የማይሆነው ይጣላል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ልዩነት ያለው፤ የወደቀ ዘር አለ፣ የወደቀ ሲኒ ግን የለም፤ ከተሰበረ በቀር። የሜትዎሮሎጂ ትንበያም «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ብሎ ለእያንዳንዱ ዕድሉን በመቶኛ ሲያወጣ ገበሬው «ቁርጡን ንገሩኝ» ብሎ ይማረራል፤ እውነቱን ነው፣ ጠጠር ጣዩ ቁርጡን ይነግረዋል። ቁርጡን ለመናገር የሚያስፈልገው ጠጠር ብቻ ስለሆነ ነው። 60 በመቶ ብሎ ለመናገር ግን የብዙ ዓመት የዝናብ መዝገብ፣ ሳተላይትና ተሳስቼ ይሆናል ብሎ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ደረጃው ይስተካከል፦ ባሕረ ሐሳብ ከላይ፣ ቅኔ ከጎኑ፣ ቶትና አውደ ነገሥት ብዙ ለፍተው ትንሽ ላተረፉት በተዘጋጀው ወንበር፣ ሲኒ ደግሞ ረከቦቷ ላይ፣ በክብር፣ ታጥባ። ስለ ሌላው ሰው ዕጣ ፈንታ ከእኔ የምትሰሙት ነገር የለም። የእናታችሁን ስም ሳልጠይቅ፣ ጠጠርም ሳልጥል ግን አንድ ትንቢት እተውላችኋለሁ፦ የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል። በግ የምታደልቡ ከሆነ ቀኑን ከአሁኑ ያዙት።